የፈሪ ወረቀት

[የአንድ መኪና አስመጪ የጥገና ማዕከል፣ የደንበኞች መጠበቂያ ክፍል። ረፋድ ላይ። የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። በሰፊው መስኮት ማዶ መካኒኮች ይታያሉ። መግቢያው ላይ የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ቆሟል።]

ፒስተን፦ ቁጥሩን መልሰው።

ቀስታ፦ የት ልመልሰው ጋሼ? ማሽኑ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

ፒስተን፦ እኔ እዚህ ቤት የታወቅኩ ሰው ነኝ። የታወቀ ሰው በቁጥር አይጠራም።

ቀስታ፦ በስምህ እስኪጠሩህ እንጠብቅ?

ፒስተን፦ እንጠብቅ።

ቀስታ፦ እሺ። ለማንኛውም ቁጥሩን ልያዘው። ምናልባት ስምህ ከጠፋባቸው።

[ፒስተን ሶፋ ነጋዴ ነው። «ፒስተን» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣው ራሱ ነው፤ ሰፈሩ ቢያወጣለት ኖሮ ሌላ ነበር የሚሆነው። ስለ ሞተር ሲያወራ ሰው ሥራ ፈትቶ ይሰማዋል፤ የገዛ መኪናውን ኮፈን ሲከፍት ግን ያየው የለም። አብሮት የመጣው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። መስታወት ቆራጭ ነው፤ ሲራመድም ሲናገርም ስለማይቸኩል ቤተሰቡ «ቀስታ» ይለዋል። ስድስት ዓመት አጠራቅሞ ከሦስት ወር በፊት አዲስ መኪና ገዝቷል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፒስተን አንድ ጋራዥ ወስዶት የሞተሯን ጉልበት ሊያስጨምርለት ቀጠሮ ይዞለታል። ከዚያ በፊት ግን የፒስተን የራሱ መኪና ማርሽ አልገባ ብላው፣ ዛሬ ጠዋት በገመድ ተጎትታ እዚህ ገብታለች።]

ፒስተን፦ የዘጠኝ ሰዓቱን እንዳትረሳ። ባለ ጋራዡን ለምኜ ነው ያስገባሁህ።

ቀስታ፦ እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት። ማታ የሰርቪስ ደብተሩን አነበብኩት።

ፒስተን፦ ማን አንብብ አለህ?

ቀስታ፦ «ሞተሩ ከፋብሪካው ፈቃድ ውጭ ከተነካ ዋስትናው ይሰረዛል» ይላል። አምስት ዓመት እኮ ነው የሰጡኝ። ገና ሦስት ወሯ ነው።

ፒስተን፦ ስማኝ። ዋስትና የፈሪ ወረቀት ነው። ፋብሪካው ሞተሩን አንቆ ነው የሸጠልህ። የምትነዳው የታነቀ ሞተር ነው። እኛ ደግሞ እጁን ከአንገቱ ላይ እናነሳለታለን።

ቀስታ፦ የገዛ ልጁን ለምን ያንቀዋል?

ፒስተን፦ ቶሎ እንዳይሞት ነዋ።

ቀስታ፦ ታዲያ እኛ እጁን ስናነሳው...

ፒስተን፦ አንተ ጋ ሁሉ ነገር ጥያቄ ነው።

[ቀስታ የወረፋ ቁጥሩን አጣጠፈ። መልሱ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ከፊቱ ማንበብ አይቻልም። ፒስተን እንደ ልማዱ አልገባውም ብሎ ደመደመና ከመጀመሪያው ጀመረለት። የመኪናዋ ኮምፒውተር ውስጥ ጉልበት የሚጨምር ቺፕ ይገባል፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ በሰፊ ይቀየራል፤ የአየር ፊልትሮው ይለወጣል፤ ሞላዎቹ ያጥሩና መኪናዋ ዝቅ ትላለች። ከሁለት ወንበር ወዲያ የተቀመጠች ሴት ልጇን አቅፋ ወደ ሌላ ወንበር ተዛወረች።]

ቀስታ፦ ዝቅ ማለቷ ነው ያልገባኝ። እኔ መስታወት ነው የምጭነው። ጉብታ ላይ ስደርስስ?

ፒስተን፦ ትበርራለሃ። ፈጣን መኪና ጉብታ አይነካም።

ቀስታ፦ መስታወቱስ?

ፒስተን፦ መስታወቱም አብሮህ ይበርራል።

ቀስታ፦ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ፒስተን፦ አንተን የማያስፈራህ ምን አለ? የእኔን አታይም? ሰባት ለውጥ አላት፤ ሰባት። ስነሳ መንደሩ በሙሉ በር ላይ ይወጣል።

ቀስታ፦ ይወጣል። ባለፈው እሑድ የጎረቤትህ ልጅ ከእንቅልፉ ባንኖ አልቅሷል። ግን ጋሼ፣ እንዳትቆጣኝ፣ ማርሽ አልገባ ያላት ከሰባቱ በአንዱ ይሆን?

ፒስተን፦ የፋብሪካ ጉድለት ነው። ለዚህ ነው በዋስትና እንዲሠሩልኝ የመጣሁት። ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

ቀስታ፦ በፈሪው ወረቀት?

ፒስተን፦ ፈሪ የሚተማመንበት ነው። እኔ አልተማመንበትም፤ እጠቀምበታለሁ።

ቀስታ፦ ሰባቱን ለውጥ ቢያዩብህስ?

ፒስተን፦ እነዚህ? እነዚህ ዘይት ለክተው ኮፈን ከመዝጋት ሌላ ምን ያውቃሉ?

[ከመቀበያው ትንሽ መስኮት ጀርባ የተቀመጠችው የመረጃ ሠራተኛ በቀስታ እጅ ያለውን ቁጥር አሥራ አራትን ጠራች። የፒስተን ስም አልተጠራም። ፒስተን አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ ሄደ፤ አንድ ቅጽ ይዞ ተመለሰ። ወረቀቱን አንዴ ራቅ፣ አንዴ ቀረብ አደረገው። የማንበቢያ መነጽሩ ቤት ነው ያለው፤ ፒስተን የሚባል ሰው በሰው ፊት መነጽር አያደርግም።]

ፒስተን፦ አንተ ሙላው። ጽሕፈትህ ጥሩ ነው።

ቀስታ፦ ሁሉንም ልሙላው?

ፒስተን፦ ግማሹን ሞልተህ ግማሹን ለማን ልትተወው ነው?

[ቀስታ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሙላት ጀመረ። በመሃል ከኪሱ አንዲት ትንሽ ደብተር አውጥቶ እያየ ይጽፋል። መስታወት ቆራጭ ልኬቱን ከጭንቅላቱ አይጽፍም፤ የሰማውን ሁሉ በዕለቱ ይመዘግባል። ፒስተን በዚህ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶት ወረፋ ከሚጠብቅ አንድ የሚያውቀው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ጋር ወሬ ይዟል። ይህ ባለመድኃኒት ቤት ባለፈው ዓመት በፒስተን ምክር ቺፕ ያስገባ ሰው ነው። ሞተሩ ነደደ፤ ዋስትናው ተሰረዘ፤ አሁንም የቀረውን ዕቃ ፍለጋ እዚህ ይመላለሳል። ፒስተን ግን ሐዘኑን መጋራት ትቶ፣ ጥፋቱ የነጂው እግር መሆኑን፣ የእሱ መኪና ሰባት ለውጥ ችላ ውልፍት እንደማትል አስረዳው። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ አዳመጠ።

ቀስታ ቅጹን አስረከበ። ሠራተኛዋ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከመሳቢያዋ ቀይ ማኅተም አወጣች። ከዚያ ፒስተንን ጠርታ በትሕትና ነገረችው፦ በቅጹ ላይ በዘረዘሯቸው ለውጦች ምክንያት ዋስትናው ተሰርዟል፤ ማንኛውም ጥገና በራስዎ ወጪ ይሆናል፤ እባክዎ እዚህ ጋ ይፈርሙ።]

ፒስተን፦ [በጥርሱ መሃል] ምንድን ነው የጻፍከው?

ቀስታ፦ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ «በመኪናው ላይ የተደረገ ለውጥ ካለ ይገለጽ» ይላል። ገለጽኩት።

ፒስተን፦ ምኑን?

ቀስታ፦ የነገርከኝን ነዋ። [ደብተሩን ያነባል] «ቺፕ፣ የመጨረሻው ደረጃ፤ ለቅሶ ቤት የነገረኝ። ሰፊ ማርሚታ፤ ሶፋ ቤት፣ ደንበኞች ፊት። የእሽቅድምድም ፊልትሮ፤ ለፀጉር ቆራጩ ሲነግረው የሰማሁት። ያጠሩ ሞላዎች...»

ፒስተን፦ ሰርዘው።

ቀስታ፦ ውሸት ነው እንዴ?

ፒስተን፦ ውሸት አይደለም። ሰርዘው።

ቀስታ፦ እውነት ከሆነ እንዴት ይሰረዛል? ከታች «እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። የምትፈርመው ደግሞ አንተ ነህ።

[ሠራተኛዋ ሁለት መንገድ እንዳለ አስረዳች። ወይ የተጻፈው እውነት ነው ተብሎ ይፈረማል፤ ወይ ባለመኪናው ምንም ለውጥ እንደሌለ በቃሉ ይናገርና መካኒኩ ያረጋግጣል። ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ስልካቸውን አስቀምጠዋል። ለፒስተን በአንድ ወገን አራት ዓመት በወሬ የገነባው ስም አለ፤ በሌላ ወገን ከራስ ኪስ የሚገዛ የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮ። ስም ያለ ካምቢዮ የትም አያደርስም። ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።]

ፒስተን፦ [በሹክሹክታ] ቺፕ የላትም።

[ሠራተኛዋ አልሰማችውም፤ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ ጠየቀችው።]

ቀስታ፦ ቺፕ የላትም ነው የሚልሽ።

ፒስተን፦ አንተ ዝም በል።

ቀስታ፦ እሺ። ፊልትሮውስ?

ፒስተን፦ የለም።

ቀስታ፦ ሰፊው ማርሚታስ?

ፒስተን፦ የለም አልኩ።

ቀስታ፦ እንዴ፣ ያ ሕፃን የሚያስለቅሰው ጩኸት ከየት መጣ ታዲያ?

[ፒስተን ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ።]

ፒስተን፦ ድምፅ ማጉያ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር።

ቀስታ፦ የተቀዳ ድምፅ ነው?

ፒስተን፦ የእሽቅድምድም መኪና ድምፅ ነው። ቁልፍ ሳዞር እጫነዋለሁ።

[ሠራተኛዋ ሳትስቅ ጠየቀች፤ እንዴት ሳትስቅ እንደቻለች እሷ ታውቃለች። ማጉያው ከመኪናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ከተያያዘ እንደ ለውጥ ስለሚቆጠር፣ በምን እንደሚሠራ ማወቅ ነበረባት።]

ፒስተን፦ አልተያያዘም። በባትሪ ድንጋይ ነው።

ቀስታ፦ በስንት ድንጋይ?

ፒስተን፦ ምን አገባህ? በስድስት።

ቀስታ፦ ለእሷ እንዲመዘገብላት ብዬ ነው። ዝቅ ማለቷስ?

ፒስተን፦ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ... ሁለት ጆንያ አሸዋ አለ።

[ሠራተኛዋ አሸዋ ጭነት እንጂ ለውጥ እንዳልሆነ አረጋገጠችለት። ተራ ቁጥር ዘጠኝን በሙሉ ሰረዘችና «የለም» ብላ ጻፈች። ፒስተን ፈረመ። ባለመድኃኒት ቤቱ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ፒስተንን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ተመልሶ ተቀመጠ። ስድብ ፈልጎ የሚመጥን ያጣ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ መካኒኩ መጣ፤ የተበጠሰው የማርሽ ገመድ ብቻ ስለሆነ በዋስትናው ተቀይሮ እስከ ስምንት ሰዓት እንደሚያልቅ ተናገረ። አሸዋውን ግን ቢያወርዱት ጥሩ ነው አለ።]

ፒስተን፦ አዋረድከኝ። አንተ ጅል፣ የሰው ጨዋታ የማታውቅ። የነገርኩህን ሁሉ እውነት ብለህ እንደ ሕፃን ልጅ ጻፍከው።

ቀስታ፦ እውነት ነው ብዬ አይደለም ጋሼ።

ፒስተን፦ ውሸት መሆኑን ታውቅ ነበር?

ቀስታ፦ እሱንም አላውቅም ነበር። ሰባቱ ለውጥ የእውነት አላት ወይ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠየቅኩህ። ሶፋ ቤት መጥቼ ጠየቅኩህ፤ እህቴ ፊት፣ እራት ላይ ጠየቅኩህ። «አላት» አልከኝ። የእኔ መኪና ብትቆም ልጆቼ የሚበሉት የለም። ሰው ለጎረቤቱ ይዋሻል፣ ለሚስቱ ወንድም ይዋሻል፤ ለዋስትናው ግን አይዋሽም። ስለዚህ ቅጹ ይጠይቅልኝ ብዬ ነው።

[ፒስተን በጣቱ ወደ ትንሿ ደብተር ጠቆመ።]

ፒስተን፦ ሆን ብለህ ነው?

ቀስታ፦ መስታወት ከተቆረጠ በኋላ አይለካም ጋሼ። ቀድሜ ለካሁ።

ፒስተን፦ እሺ ባለ ጋራዡን ምን ልበለው? ዘጠኝ ሰዓት መኪና አመጣለሁ ብዬ በሰው ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ቀስታ፦ ቃልህን አትጠፍ። ያንተ በስምንት ሰዓት ታልቃለች፤ እሷን ይዘህለት ሂድ።

[ባለመድኃኒት ቤቱ እሱም አብሮ እንደሚሄድ፣ ቺፑ ሲገባ ቆሞ ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ልጅ ያቀፈችው ሴትም ወንበሯን አቀረበች። ሁሉም የፒስተንን መልስ ይጠብቃሉ። ፒስተን ወደ ቀስታ ጆሮ ጠጋ አለ።]

ፒስተን፦ ዋስትናዬስ?