የቅኝት መምህር በአጅማን አውቶቡስ

ማርቆስ ሐዋን ያገኛት ሳያስበው፣ ከአጅማን ወደ ዱባይ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ በወንበር ጠብ ነው። ማርቆስ አዲስ አበባ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አሥራ ስድስት ዓመት ሙዚቃ ያስተማረ ሰው ነው። «ዱባይ ምሁር ጠፍቷል» ያለውን ወሬኛ አምኖ መጣ፤ አሁን አጅማን ውስጥ ስምንት ሰው በሚያንኮራፋበት፣ ቤድ ስፔስ በሚሉት የጋራ ክፍል፣ የላይኛው አልጋ ላይ ይተኛል። ቪዛው ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ነገ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሻርጃ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት ይፈትነዋል፤ ካለፈ ይኖራል፣ ከወደቀ ሻንጣውን ይሸክፋል። ዛሬ ለፈተናው ኮት ሊዋስ ዱባይ፣ አል ቁዝ ሰፈር ወደሚኖር ወዳጁ እየሄደ ሳለ፣ ሻሽ የተከናነበች፣ ፌስታል ያንጠለጠለች የአገሩ ልጅ ከፊቱ ቆመች።

ሐዋ፦ ጋሼ፣ ይሄ የሴቶች ወንበር ነው። ዕቃዎን ያንሡልኝ።

ማርቆስ፦ ዕቃ አትበያት! ክራር ናት። ክራር ደግሞ ሴት ናት፤ ተቀምጣለች።

ሐዋ፦ እሺ፣ እሷ ትቀመጥ። እርስዎ ይነሡልኛ!

[ሾፌሩ በመስታወት ገላመጠው። ማርቆስ ክራሯን አንሥቶ ታቀፋት። ሐዋ ከጎኑ ተቀመጠች፤ አውቶቡሱ ተነሣ።]

ማርቆስ፦ ይሄ አገር ለጥበብ ቦታ የለውም። ከየት ነሽ?

ሐዋ፦ ከወሎ። ሐዋ እባላለሁ። ሹግሌ፣ ሥራዬ፣ ዱባይ ጁሜይራ፣ ማዳም ቤት ነው። ሰብሪና የምትባል ጓደኛዬ አጅማን ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። የእርስዎስ ሹግል ምንድን ነው?

ማርቆስ፦ የሙዚቃ ምሁር ነኝ።

ሐዋ፦ ማሻአላህ! የት ይጫወታሉ?

ማርቆስ፦ አልጫወትም። አስተምራለሁ።

ሐዋ፦ ምን?

ማርቆስ፦ መጫወት።

ሐዋ፦ [አሰበች።] ዋና የሚያስተምር ሰው ውሃ ይፈራል እንዴ?

ማርቆስ፦ ኤጭ! አየሽ፣ ይሄ ለአንቺ አይገባሽም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰው ማዕረግ ሲያድግ እጁ እያረፈ ይሄዳል። እንደተቀጠርን በሳምንት ሁለቴ መድረክ እንወጣለን። ሌክቸረር ስንሆን በዓመት ሁለቴ። ረዳት ፕሮፌሰር ስንሆን ስለ መድረክ እንጽፋለን።

ሐዋ፦ ፕሮፌሰር ሲኮንስ?

ማርቆስ፦ ስለ መድረክ የጻፉትን እንተቻለን።

ሐዋ፦ ያ ረቢ! ታዲያ ዘፈኑን ማን ይዘፍነዋል?

ማርቆስ፦ ያልተማረው። እሱ ምን ሥራ አለው?

ሐዋ፦ ሁሉም እንዲህ ናቸው?

ማርቆስ፦ አንዳንድ የማይረቡ ነበሩ። ዓለሙ የሚባል ባልደረባችን ቀን ያስተምራል፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ቤት ኪቦርድ ይመታል። አንድ ቅዳሜ አጅብ ተብሎ ቢሄድ ዘፋኙ የገዛ ተማሪው ሆኖ አገኘው! ልጁ መድረክ ላይ ሆኖ «ዓለሙ፣ ፈጠን በል እንጂ!» አይለው መሰለሽ?

ሐዋ፦ ከዚያስ?

ማርቆስ፦ ፈጠነ። ሰኞ ግን ልጁን በፈተና ጣለው።

ሐዋ፦ ምን አጥፍቶ?

ማርቆስ፦ «ምት አትጠብቅም» ብሎ።

[ሐዋ ሳቋ አመለጣት። ማርቆስ ግን የሚያስቅ ነገር የተናገረ አልመሰለውም።]

ሐዋ፦ እኔም እኮ ማክሰኞ ማክሰኞ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። ማዳም እዚያ ፕሮፌሰር ናት፤ የፒያኖ።

ማርቆስ፦ ቦርሳዋን ልትይዢላት።

ሐዋ፦ ኧረ እሷ ናት የእኔን የምትይዝልኝ።

ማርቆስ፦ ደግ ሴት ናት። እንዳታስቀይሚያት።

ሐዋ፦ ክፍል ስንገባ ልጆቹ ወንበሩን ወደ ዳር ገፋ ገፋ አድርገው መሐሉን ይለቁልኛል።

ማርቆስ፦ ለመጥረግ እንዲመችሽ ነው።

ሐዋ፦ ማይክራፎንም ተተክሎ ይጠብቀኛል።

ማርቆስ፦ እሱን በደረቅ ጨርቅ! ውሃ እንዳታስነኪው፣ ዕዳ ነው።

ሐዋ፦ ስጨርስ ብድግ ብለው ያጨበጭባሉ።

ማርቆስ፦ [ልቡ ተነካ።] አየሽ፣ የሠለጠነ አገር! እኛ ጋ ለጽዳት ሠራተኛ ተጨብጭቦ አያውቅም። ሥራሽን አክብሪ፣ እህቴ።

ሐዋ፦ እሺ፣ አከብራለሁ።

[ሻርጃ መግቢያ ላይ መንገዱ እንደ ልማዱ ተቆለፈ። መኪናው ሁሉ መብራቱን አብርቶ ቆመ። ማርቆስ ነገ የሚቆምበት ግቢ በዚሁ ከተማ መሆኑን ሲያስብ ፈራ፤ ፍርሃቱንም ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በጉራ ሸፈነው።]

ማርቆስ፦ ነገ እዚህ ሻርጃ መምህር እሆናለሁ። ዩኒቨርሲቲው የምሥራቅ አፍሪካ ዜማ ትምህርት ከፍቶ የሚያስረዳ ሰው እየፈለገ ነው። ከእኔ ወዲያ ማን አለ?

ሐዋ፦ [ፌስታሏን አስቀመጠችና ዞር ብላ አየችው።] ማርቆስ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?

ማርቆስ፦ አየሽ! ስሜ ጁሜይራ ደርሷል! አንዲት ሙሽኪላ፣ አንዲት እንከን ግን አለች።

ሐዋ፦ ምን?

ማርቆስ፦ አንዲት ያልተማረች ዘፋኝ ይዘዋል። ከየትኛው ጓዳ እንዳወጧት እንጃ። እሷ ታዜማለች፤ ተማሪው «እዚህ ጋ ለምን ድምፅሽን ሰበር አደረግሽው?» ሲላት «እንዲያው ነው» ትላለች አሉ። ሌላ መልስ የላትም!

ሐዋ፦ እንዲያው ቢሆንስ?

ማርቆስ፦ እንዲያው የሚባል ትምህርት የለማ! በመጀመሪያው ሳምንት አቋቋሟን አስተካክላለሁ። በሁለተኛው አፏን። በወሩ ድምፅዋን ቀድቼ አሰናብታታለሁ፤ ኸላስ! ቅጂ አይርበው፣ አይታመም።

ሐዋ፦ ምስኪን! ስሟ ማን ይባላል?

ማርቆስ፦ ማስታወቂያው ላይ ነበር። አራት ገጽ ነው፤ እኔ ቪዛ ይሰጣል የሚለው ጋ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ።

ሐዋ፦ ቢጨርሱት ደግ ነበር።

ማርቆስ፦ ቀሪው ለደካሞች ነው። ይልቅ ዛሬ ዕድል ቀንቶሻል፤ በነፃ ላስተምርሽ። አምባሰል ሲባል ሰምተሻል?

ሐዋ፦ ተወልጄበታለሁ።

ማርቆስ፦ ወረዳውን አይደለም! ቅኝቱን።

ሐዋ፦ እዚያው ነው የሰማሁት።

ማርቆስ፦ መስማትና ማወቅ ይለያያል። ተመልከቺ! [በአውቶቡሱ መስኮት ላይ በጣቱ አምስት ክብ ሣለ፤ ክቦቹን በቀስት አገናኘ፤ ከቀስቶቹ በላይ ቁጥር ጻፈ። አውቶቡሱ ሦስት መኪና ያህል ተራመደ፤ እሱ ገና ሁለተኛውን ክብ እያስረዳ ነው።]

ሐዋ፦ ጋሼ፣ ደከመኝ። አንዴ ያሰሙኝና ልረዳው።

[ማርቆስ ክራሯን ከሽፋኗ አወጣ። ከመጣ ወዲህ ገልጧት አያውቅም፤ ክሮቿ እንደ ተረሳ የልብስ ገመድ ረግበዋል። አንዱን ቢነካው አጉረመረመ።]

ማርቆስ፦ መቃኛዬን ረስቼዋለሁ። ያለ መሣሪያ አይቻልም።

ሐዋ፦ ይሞክሩት፤ ድምፁን እኔ ልያዝልዎ።

[ሐዋ ዐይኗን ወደ መስኮቱ አዙራ በአፍንጫዋ አንድ ድምፅ ያዘች። ማርቆስ የመጀመሪያውን ክር ወደዚያው ሳበው። እሷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ እሱ ሁለተኛውን አስከተለ። ስድስቱም ክር ሲያልቅ እሷ አላቆመችም፤ አፏን ሳትከፍት ማለት ይቻላል፣ ዜማውን ይዛው ሄደች። ከኋላ ስልክ ላይ ይጮህ የነበረ አንድ ፓኪስታናዊ ዝም አለ። ማርቆስ የተወለደበትን ቤት ደጃፍ፣ አባቱ ዝናብ ሲጠብቁ የሚቆሙበትን፣ ፊት ለፊቱ አየው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አላለም፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራው ረጅሙ ዝምታ ይሄ ነው። ከዚያ ምሁርነቱ መጣበት።]

ማርቆስ፦ እ... መጥፎ አይደለም። ብቻ መጨረሻው ላይ አራተኛዋን ድምፅ ጥቂት ዝቅ አደረግሻት። ለምን?

ሐዋ፦ እንዲያው ነው።

[ማርቆስ ክራሯን ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አስተኛት።]

ማርቆስ፦ የ... የማክሰኞው ዩኒቨርሲቲ የት ነው ያልሽኝ?

ሐዋ፦ የት እንደሆነማ አልጠየቁኝም። ሻርጃ ነው።

ማርቆስ፦ የሚያጨበጭቡትስ ለጽዳቱ...

ሐዋ፦ እዚያ አልጠርግም። ቤት ፒያኖውን ስወለውል ሳንጎራጉር ማዳም ሰማችኝ፤ ያላ፣ ተነሽ ብላ ወሰደችኝ። ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ።

ማርቆስ፦ ወይ እናቴ! ለምን አልነገርሽኝም?... ማለቴ፣ ለምን አልነገሩኝም?

ሐዋ፦ ነገርኩዎት። ቦርሳ ያዢ፣ ወለል ጥረጊ አሉኝ። እኔም የተማረ ሰው አይነቀፍም ብዬ ዝም።

ማርቆስ፦ ነገ የሚፈትኑኝ ማን ማን ናቸው?

ሐዋ፦ ማዳም አለች። አንድ እንግሊዝ አለ፤ እሱ ይተኛል። እኔም አለሁ። ማዳም «ሰውየው የሚቀጠረው አንቺን ሊያግዝ ነው፤ የሚስማማሽን አንቺው ምረጪ» ብላኛለች። አራተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል።

ማርቆስ፦ [ላብ በላብ ሆነ።] እሜቴ ሐዋ... ያ ቅጂ ያልኩት ጨዋታ ነው። አቋቋምዎ ሸጋ ነው! አፍዎ የማር ነው! በወሩ አሰናብታታለሁ ያልኩት ሌላዋን ነው!

ሐዋ፦ የቷን ሌላዋን?

ማርቆስ፦ አላውቃትም! እባክዎ፣ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ። አዲስ አበባ ስሸኝ ባልደረቦቼ ሁሉ «ፕሮፌሰር ሆኖ ሊመለስ ነው» ብለው አጨብጭበውልኛል። አሁን በምን ፊቴ? እዚህም የሚያውቀኝ የለም፤ ሥራ ቢሉ ሥራ፣ ቤት ቢሉ ቤት የለኝ። ክራሬም ረስታኛለች፤ አዩአት አይደል?

[ድምፁ ተሰበረ። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ልክ እንደ ሐዋ አራተኛ ድምፅ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው የተሰበረው። ሐዋ አንገቷን አቀርቅራ ሰማችው። አውቶቡሱ ዱባይ ገባ፤ ሁለቱም ወረዱ። የሜትሮ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ማርቆስ ፌስታሏን ይዞላታል፤ መቼ እንደተቀበላት ራሱም አያውቅም።]

ማርቆስ፦ እንግዲህ... ነገ ልምጣ ወይስ ልቅር?

ሐዋ፦ አንቺ በሉኝ፣ ጋሼ፤ አንቱታው ሲያሳስትዎ አየሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰው ሰማን። ሁለቱም ከእርስዎ ይበልጥ አዋቂ ናቸው፤ እኔ ሳዜም እንኳ ሲያስረዱ ነበር። እርስዎ ግን ዛሬ አንዲት ደቂቃ ዝም አሉ።

ማርቆስ፦ እሱ... እሱ ሳላውቅ ነው!

ሐዋ፦ [ፌስታሏን ተቀብላ፣ ወደ ባቡሩ እየሄደች።] አብሽር፣ አይዞዎት፣ ጋሼ! ነገም ሳያውቁ ይምጡ። ዝም የሚል ምሁር እዚያ ግቢ ታይቶ አይታወቅም፤ በአንድ ድምፅ ነው የምንቀጥርዎት!