የሰባተኛው መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠል እንደ ጠፋና እንደ ተገኘ፤ ዜና እህተ ማርያም ዘቡሬ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ልበ ብርህት እህተ ማርያም በቡሬ ከተማ በበርበሬ ወፍጮ ቤቷ በነገሠች በዘጠነኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ይህ ነገር ሆነ።

ይህች እመቤት ወፍጮው እያጓራ፣ ብናኙ አገሩን ሁሉ እያስነጠሰ፣ እርሷ ግን ሳታስነጥስ፣ የእማሆይ ወለተ ሐናን ታሪክ ስድስት መጽሐፍ አንብባ ፈጽማ ነበር። እማሆይም በጎንደር ነገሥታት ዘመን እንደ ኖሩ ተደርገው የተጻፉ መነኩሲት ናቸው፤ ጋያ ያጨሳሉ፣ በቅሎ እንደ ወንድ አንፈራጥጠው ይጋልባሉ፣ ዳኛ ያቃተውን ነፍሰ ገዳይ ያወጣሉ። እህተ ማርያምም በስድስቱም መጽሐፍ ገዳዩን ከእማሆይ ቀድማ ዐውቃ፣ በርበሬ ለሚያስፈጨው ሕዝብ አስቀድማ ስለ ተናገረች «አውጪ» የሚል ማዕረግ ወጥቶላት ነበር። ሰባተኛውን ብትስት ግን ማዕረጉ እንደሚቀር ራሷም ሕዝቡም ያውቁ ነበር።

ወእምዝ በገበያ ቀን፣ በደጃፏ ቆሎ የምትሸጥ ሰብሊ መጠቅለያ ጋዜጣ አልቆባት፣ እመቤቲቱ ሚዛን ላይ ሳለች፣ ሊያልቅ የቀረበውን የሰባተኛውን መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠል ገንጥላ ቆሎ ጠቀለለችበት፤ ለማን እንደ ሸጠችም አላስታወሰችም። እህተ ማርያምም እንደ ነብር ተቆጥታ፣ ወፍጮውን አቁማ፣ ሌባ ሲጠፋ አባቶች እንደሚያደርጉት አውጫጭኝ ጠራች፤ አዋጅም አስነገረች፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ ንገር! ቅጠሌ ሳይወጣ፣ የተፈጨም ያልተፈጨም በርበሬ ከዚህ ደጅ አይወጣም!»

የተሰበሰቡትም እነዚህ ናቸው፦ የቅኔው መምህር የኔታ ቂርቆስ ከሁለት ኪሎ ሚጥሚጣቸው ጋር፤ ነጋዴው ሐጂ ሙሄዲን ከሦስት ኩንታላቸው ጋር፤ ለእሑድ ሠርግ ወጥ የሚጠበቅባቸው የሽንዲ ሰዎች ከነጭንቀታቸው፤ የእናቱን በርበሬ ሊወስድ የመጣው ባጃጅ ነጂ አድማሴም ቆሎ እየቆረጠመ።

የኔታም ተነሥተው አማሉ፦ «ያየ የሰማ አንዳች ሳያስቀር ይናገር! የደበቀ እንደ ጨው ይሟሟ፣ እንደ ጉም ይብነን!»

አድማሴም ደንግጦ ቅጠሉን ከኪሱ አወጣ። ነገር ግን ቆሎውን ሲበላ አንብቦት ነበርና፣ በአውጫጭኝ ፊት ግማሹን ነግሮ ግማሹን መዋጥ ነውር ነውና፣ መሐላውን ፈርቶ የገዳዩን ስም ጭምር ሊናገር አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ እህተ ማርያም በኩንታል ላይ ዘላ ወጥታ ዐወጀች፦ «የአድማሴ አፍ ይዘጋ! ገዳዩ የቤተ መንግሥቱ ሊቀ ጠበብት እንደ ሆነ በሕዝብ ፊት ፈርጃለሁ!»

ቅጠሉንም ተቀብላ አነበበች። ሊቀ ጠበብቱ አልነበረም። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ የእማሆይን በቅሎ እየሳበ፣ እያንጎራጎረ፣ ውኃ እየቀዳ የኖረው አሽከር ነበር። ሕዝቡ ሁሉ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን አየ፤ ሐጂ ሙሄዲንም ስለ ሐዘኔታ ሳል ሳሉ።

እርሷ ግን ጭኗን እየመታች እስክታለቅስ ሳቀች፤ «ሰባት መጽሐፍ ሙሉ አብሮኝ ሄዶ አላየሁትም!» እያለች። ስድስት ጊዜ ሁሉን አስቀድማ ማወቋ፣ ለማንም ባትናገረውም፣ ልቧን አሰልችቶት ኖሯልና፣ እንዲያ የተደሰተችበት ቀን አልነበረም። ሰብሊንም ማረች፤ የሽንዲን ሰዎች በርበሬ ቅድሚያ ሰጥታ ፈጨች።

ይህን የሚጽፈው ዜና ጸሐፊዋም ለክብሯ ተጨንቆ «በቅሎ ሳቢው ነው አለች» ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን ባነሣ ጊዜ የመጨረሻው አዋጅ ወጣ፦ «እንደ ሳትሁ ይጻፍ!» እነሆ፣ እንደ ሳተች ተጻፈ። ስድስቱን በማወቅ የከበረች፣ ሰባተኛውን በመሳት ደስ ያላት፣ ስለ ስሟ ብላ ታሪክ ያላስዋሸች እህተ ማርያም ዕድሜዋ ይርዘም፤ ከእርሷ በፊት ይህን ያደረገ ንጉሥ በዜና መዋዕል አልተገኘምና።