የእድሩ በርጩማዎች

ጡረታ ለወጣ ሰው ሁሉ በነጻ የምትታደል አንዲት ምክር አለች፤ «እንግዲህ ይረፉ»። መካሪዎቹ ግን ዕረፍቱ የት እንደሚደረግ አይናገሩም። ቤት ውስጥ ነው እንዳትሉኝ። ቤቱ ባለቤት አለው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲገባ የኖረ ባል፣ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ጓዳ ገብቶ «ይህ ድስት እዚህ ምን ይሠራል?» ሲል ሚስቱ ምን እንደሚሰማት ያገባችሁ ታውቁታላችሁ። የኔዋ ጥሩወርቅ ሦስት ሳምንት ታገሠችኝ። የድስቶቹን ክዳን በየስፋታቸው ቅደም ተከተል የደረደርኩላት ዕለት ግን ትዕግሥቷ አለቀ። ባይከፈልህም ግድ የለኝም፣ ብቻ ከቤት ውጭ የሚያውልህ ሥራ ፈልግ አለችኝ። የሒሳብ መምህር እንደነበርኩ ከክዳኖቹ ሳትጠረጥሩ አልቀራችሁም።

እኔም ፈለግሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በነጻ ለሚሠራ ሰው ሥራ አይጠፋም። የእድራችን አግዳሚዎች አርጅተው፣ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ከፊሉ ሰው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ስብሰባው ላይ ተነሣሁና አሥራ ሁለት በርጩማ በገዛ እጄ ሠርቼ አበረክታለሁ አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ለሒሳብ መምህር ያጨበጨበ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ሞቀ። ከዚያ በፊት መዶሻ የጨበጥኩት ፎቶ ለመስቀል ብቻ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ከጅጋ፣ ከጥሩወርቅ ወንድም ጓሮ፣ የዋንዛ እንጨት አስመጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ ግቢያችን በፍቅፋቂ ተሞላ። መቀመጫ ማለት አራት እግር ነው ብዬ ለእያንዳንዱ አራት አራት እግር ቸነከርኩ። አንዳንዱ ትንሽ ይወላገዳል። ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ውሎ በዳስተር የሚጠፋ ነበር፤ ይህ ግን ሲነጋም እዚያው አለ። ማለዳ እየተነሣሁ በእጄ እዳብሳቸው ነበር፣ ምን አሳፈረኝ። ከዚያ በባጃጅ ሁለት ጊዜ አመላልሼ ለእድሩ አስረከብኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ለቅሶ ሆነ። ድንኳን ተተከለ። የእድራችን ዳኛ ባሻ አንዳርጌ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ ከሥራዎቼ አንዱ ላይ ቁጭ ብለው ሐዘንተኞቹን ሊያጽናኑ እጃቸውን ሲዘረጉ በርጩማው ወደ ግራ ተንጋደደ። ባሻም ከነጋቢያቸው ተከተሉት። ደግነቱ አልተጎዱም። ነገር ግን አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው፤ ቀጥሎ ሌላው፤ በመጨረሻ ሐዘንተኞቹ ራሳቸው። ለቅሶ ቤት ሰው ያሳቀ ሰው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር እስካሁን አላወቅሁም።

በማግስቱ ባሻ አስጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለልፋትዎ እግዜር ይስጥልን፣ መምህር» አሉኝ። «እስከ ወሩ ስብሰባ ካልተስተካከሉ ግን ለንፍሮ መቀቀያ እናውላቸዋለን።»

የቀረኝ አሥር ቀን ነበር። የሁለት ወር ደስታዬ ከድስት ሥር ሊገባ መሆኑን ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣ በርጩማዎቹን ጭኜ፣ በቡሬ መውጫ መንገድ ዳር ወዳለው አናጢ ሄድኩ። አገኘሁ ይባላል፤ የድሮ ተማሪዬ ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሳኝ። አንዱን በርጩማ መሬት አስቀምጦ በጣቱ ነካ ቢያደርገው ተንገጫገጨ። አራቱንም እግሮች ነቀለ፣ ሦስት አዲስ ቀዳዳ በሳ፣ ቀና ያሉትን ሦስት እግሮች መርጦ ተከለና ወጣ ገባ በሆነው ወለል ላይ አቆመው። ንቅንቅ አላለም።

እንዴት አድርገህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ሦስት ነጥብ ምንጊዜም አንድ ዝርግ ላይ ያርፋል፤ የሚያስቸግረው አራተኛው ነው። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?» አለኝ።

እውነት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ሰው ይቀመጥበታል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ይህን ያህል የገባው ልጅ በኔ ፈተና ስንት አግኝቶ እንደነበር ጠየቅሁት።

«ወድቄ ነበር» አለ ፈገግ ብሎ።

እሱ ፈገግ አለ እንጂ እኔስ አዘንኩ። ወረቀት ላይ ያልጻፈውን በእጁ ያውቀው እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

መሣሪያ እያቀበልኩት አሥራ ሁለቱንም ሠርቶ ጨረሰ። ከየበርጩማው አንድ አንድ እግር ተርፎ ጥግ ላይ ተከመረ። ወደ ክምሩ እያየ፣ ከእነዚህ ስንት በርጩማ ይወጣል ብሎ ጠየቀኝ። አሥራ ሁለት ለሦስት! ሳላመነታ «አራት» አልኩ።

«አንድም አይወጣም፣ መምህር» አለኝ በትሕትና። «ሁሉም ጠማማ ናቸው። ነገ ጠዋት ይምጡና ቀጥ ያለ እግር አጠራረብ ላሳይዎ።»

ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ፤ በየጠዋቱ እሄዳለሁ። ጥሩወርቅ ምሳ ቋጥራ በደስታ ትሸኘኛለች። በርጩማዎቹም ከእሳት ተርፈዋል፤ ባሻ መጀመሪያ በእጃቸው ነቅነቅ ያደርጓቸዋል እንጂ ይቀመጡባቸዋል። እኔ የጠረብኩት እግር ግን እስካሁን አንዱም አላለፈም። ደግነቱ አገኘሁ እንደኔ በአንድ ፈተና ሰው አይጥልም።