ማኅተም የዋጠው ፀጉር

ታላላቅ ሰዎች የሚሰበሰቡት ለታላላቅ ጉዳዮች ነው። የከተማው የመዝናኛ ጽሕፈት ቤት ኮሚቴም፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት የተሰበሰበው ስለ አንድ ሰው ፀጉር ነው። የከተማው ቧንቧ ከደረቀ ሁለት ወር አልፎታል፣ የአዳራሹም ጣሪያ ያፈሳል፤ እነዚህ ግን ጥቃቅን ነገሮች ናቸውና ይቆዩ።

ፀጉሩ የራስታው ነው። ራስታው ሬጌ ይጫወታል፤ ሥጋ አይበላም፤ ምላጭ ራሱን እንዳይነካው ለፈጣሪው ቃል ከገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ድሬዱ ወገቡ ላይ ደርሷል። ፈጣሪ በውስጤ አለ ብሎ ስለሚያምን፣ ስለ ራሱ ሲናገር «እኔ» ብቻ አይልም፣ «እኔና እኔ» ይላል። ሲሄድም ሲያወራም ሲበላም እንደ ዘፈኑ ነው፤ አይቸኩልም። ያሳደገችው አክስቱ «ይሄ ልጅ ቤት ቢቃጠል ጊታሩን ቃኝቶ ነው የሚወጣው» ትላለች።

እስከ ዛሬ የተጫወተው በሰው ሠርግ ነው፤ እዚያም የሰከረ ሁሉ «ፍጠን እንጂ!» እያለ ይጮኽበታል። የፊታችን ቅዳሜ ግን በአዳራሹ፣ በራሱ መድረክ ሊጫወት ነው። አክስቱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ኮፍያ ሠርታለት ጨርሳለች፤ የፊተኛውን ወንበርም ለራሷ አስይዛለች። የቀረው የፈቃዱ ወረቀት ላይ ማኅተም ማረፉ ብቻ ነው። ለዚችው አራት ሰኞ ተመላልሷል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወረቀቱን ገልብጠው ያዩታል፤ ቤት ውስጥም ከራሳቸው የማይወርደውን ባርኔጣቸውን ያደላድላሉ፤ ከዚያ «ሰኞ ተመለስ» ይላሉ።

ማክሰኞ ዕለት አክስትየዋ «እኔ ሰኞ አላውቅም!» ብላ አብራው ሄደች። ጸሐፊያቸው ወረቀት አስገብታ ወጣች፤ ኃላፊውም «ሻይ ልቅመስ፣ እዚሁ ጠብቁ» ብለው ወጡ። ሲመለሱ ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ የለም። መሳቢያ ተገለበጠ፤ ምንጣፍ ተነሣ፤ የቆሻሻ ቅርጫት ተበረበረ። በመጨረሻ የሁሉም ዓይን በራስታው ፀጉር ላይ አረፈ።

ድሬድ ውስጥ ደግሞ ምን የማይኖር አለ! የታወቀ ነው፤ ውኃ አይነካውም። አንዱ ሲላጭ ሁለት ማንኪያ ወጣለት። በሌላው ራስ ላይማ ወፍ እንቁላል ጥላ ጫጩቶቹ ዘፈን ለምደው በረሩ። ይህን ያየ ሰው የለም፤ የሰማ ግን ሞልቷል፤ ለኮሚቴ ደግሞ ይኸው ይበቃል።

ስብሰባውን ኃላፊው በንግግር ከፈቱ። «ከማክሰኞ ወዲህ ራሴን እንደ ድንጋይ ከብዶኛል። ይህ ሌላ አይደለም፣ የኃላፊነት ሸክም ነው።» ኮሚቴው አጨበጨበ። ከዚያ ወደ ራስታው ዞሩ። «ማኅተሙ ሲጠፋ ክፍሉ ውስጥ የቆየው ማን ነው?»

«እኔና እኔ» አለ ራስታው ዝግ ብሎ፤ «እትዬም ነበረች።»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ በጣቷ ቆጠረች። «ሦስት ናቸው ጌታዬ። አንደኛው አልተያዘም።»

«ያልተያዘ ግብረ አበር ብለሽ ጻፊ።»

ቀጥሎ በዘርፉ የካበተ ልምድ ያለው ባለሙያ ተጋበዘ፤ የመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካይ ማለት ነው። እጁን በላስቲክ ጠቅልሎ ፀጉሩን ዳበሰ። «እዚህ ጋ ጠንካራ ነገር አለ!» ብሎ ጮኸ።

«ጭንቅላቱ ነዋ» አለች አክስትየዋ።

«እማማ፣ ለመሆኑ ይህ ነገር ታጥቦ ያውቃል?» አሉ ኃላፊው።

«ዓርብ ዓርብ! በሳሙና፣ በሁለት ባልዲ ውኃ፣ በእነዚህ እጆቼ! እናንተ ቧንቧውን አድርቃችሁብኝ ከወንዝ እየቀዳሁ! እስኪደርቅ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። የእርስዎ አንገትጌ መቼ ነው የታጠበው?»

አንገትጌው ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ ታለፈ። ኮሚቴውም፣ በጉዳዩ ላይ ጥልቅ ውይይት ካደረገ በኋላ፣ ማኅተሙን ከፀጉር ነፃ ለማውጣት ፀጉሩ ከሥሩ እንዲነሣ አቅጣጫ አስቀመጠ። ከተላጨ ፈቃዱ እዚያው ይመታለታል፤ ካልተላጨ ቅዳሜ የለም። ባለሙያው መቀሱን አወጣ።

ራስታው መቀሱን አየ፤ ጥግ ያስደገፈውን ጊታርም አየ። «ቅዳሜ ይቅር» አለ። በዕድሜው ፈጥኖ ሲናገር ያኔ የመጀመሪያው ነው።

አክስቱን አንጀቷን በላት። የእምነቱን ነገር ገሚሱን አትረዳውም፤ እሷ ሥጋዋን ትበላለች። ልጅ ቃሉን ሲጠብቅ ግን ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ብድግ አለች።

«ስሙኝ! እኔ ማንበብ አልችልም፤ ራስ መቁጠር ግን ማንም አያህለኝም። ማክሰኞ እዚያ ክፍል የገባ ራስ አራት ነው፤ የእሱ፣ የእኔ፣ የዚች ጸሐፊና የእርስዎ። ከአራቱ ሳይሸፈን የገባው የእሱ ብቻ ነው። ክፍቱን ራስ ሌባ ካላችሁ፣ ስለ ተሸፈነው ምን ልትሉ ነው?»

ሻሿን መዥረጥ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አራገፈችው። ሽበቷ ብቻ ታየ።

«አንቺስ፣ የኔ ቆንጆ?»

ጸሐፊዋ ቀላች፤ ሰው ሠራሽ ፀጉሯን በሁለት እጇ አነሣችው። ከውስጡ አምና የጠፋው የቢሮው እስክሪብቶ ወደቀ።

«እርስዎስ?»

«የእኔ ባርኔጣ የሥራ ባርኔጣ ነው! በሥራ ሰዓት…»

«እንግዲያው ትሥራ!» ብላ እንደ ዝንብ ጠረገችው።

ባርኔጣው በረረ። ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ፤ ተንከባልሎም ቃለ ጉባኤው ላይ ቆመ። የኃላፊው መላጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሐምራዊ ነው፤ ሰባት ቦታ «ጸድቋል» ይላል። በአራት ሳምንት ውስጥ ከዚያ ቢሮ የጸደቀ ነገር ቢኖር ይኸው መላጣ ነው።

«ሻይ ልጠጣ ስወጣ… ሰው እንዳይነካው… ለጥንቃቄ ብዬ… ኋላም ረሳሁት…» አሉ ኃላፊው፤ ከዚያም ራሳቸውን ዳበሱና «አሁን ቀለል አለኝ» አሉ።

ቃለ ጉባኤው «ማኅተሙ በኮሚቴው የተቀናጀ ርብርብ ተገኝቷል፤ ግብረ አበሩ በመፈለግ ላይ ነው» ይላል። ፈቃዱ ተመታ። ቅዳሜ ራስታው ተጫወተ። ጣሪያው አፈሰሰ፤ «ፍጠን» ያለ ሰው ግን አልነበረም። አክስቱ ከፊተኛው ወንበር ላይ ሆና «ዘፈኑ ሁሉ አንድ ነው፤ ልጁ ግን የኔ ነው» እያለች ለጎረቤቶቿ ሁሉ ተናገረች።

ኮሚቴ ግን ከስሕተቱ ይማራልና፣ ሰኞ ዕለት አዲስ መመሪያ ወጣ። የኃላፊ ራስ ለንብረት ጥበቃ አስተማማኝ አለመሆኑ ስለተረጋገጠ፣ በአንጻሩም ድሬድ ውስጥ የገባ ነገር ተፈልጎ እንደማይገኝ ኮሚቴው ቀደም ሲል ስላመነበት፣ ማኅተሙ ከእንግዲህ በራስታው ፀጉር ውስጥ እንዲቀመጥ ተወስኗል። ራስታውም «እኔና እኔ ተስማምተናል» ብሎ ሲፈርም፣ ጸሐፊዋ ግብረ አበሩ እጁን መስጠቱን መዘገበች።

ባለፈው ዓርብ ኃላፊው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እያለከለኩ ከራስታው ደጃፍ ደረሱ። የዕድገታቸው ደብዳቤ በዚያው ቀን ካልተመታ ሊሰረዝ ነው። ራስታው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ይቃኛል፤ ከፀጉሩ ውኃ ይንጠባጠባል።

«እማማ፣ አስቸኳይ ነው፤ እባክዎ!»

አክስትየዋ ደብዳቤውን ተቀበለች። አንድ ፊደል ባታውቅም ገልብጣ አየችው። ሻሿን አደላደለች።

«ፀጉሩ አልደረቀም» አለች፤ «ሰኞ ተመለስ።»