ከወንበሩ ሥር ያገኘኋት ጓዳ

አሮጊት ያልደበቀችው ነገር ቢኖር ያልነበራትን ብቻ ነው! አትቆጡ... የእናታችሁን ትራስ ድንገት አንስታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ዝም በሉ።

እኔ እግሬ ዕረፍት አያውቅም። ሰኞ ጌዶ ለልቅሶ፣ ረቡዕ አምቦ ልጄ ቤት፣ በየወሩ ደግሞ አዲስ ዓለም፣ የማርያም ማኅበሬ ጋ። የሚያመላልሰኝ አማቼ ኦቦ ገመቹ ነው፤ አስተማሪ ነው፣ ያገለገለች መኪና ገዝቷል። ታዲያ ሰውዬው ጴንጤ ነው! አረቄን እንኳን ሊቀምስ ስሟን ሲሰማ ያስነጥሰዋል። እኔ ደግሞ ማኅበር ባዶ እጄን አልሄድም።

አንድ ቀን መቁጠሪያዬ ከኋላ ወንበር ሥር ወደቀብኝ። ምንጣፉን ገለጥ ሳደርግ... ክዳን! ክዳኑን ሳነሳ፣ አንድ ጠርሙስ ልክክ አድርጎ የሚያስተኛ የብረት ጉድጓድ! የፊተኛው ባለቤት ምን ሲያመላልስበት እንደኖረ እሱ ይወቅ። እኔ «ማርያም ጓዳ ሰጠችኝ» ብዬ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳልል ዓመት ሙሉ አረቄዬን አስተኛሁበት። ውታፉ ትንሽ ያፈስ ነበር እንጂ...

በቀደም ወደ ማኅበር ስንሄድ ጊንጪ ኬላ ላይ አስቆሙን።

«አካም ጅርቱ፣ እማማ? እስቲ አንዴ ይውረዱ» አለኝ ፈታሹ። ወደ አማቼ ዞሮም፣ «ወንድሜ፣ ድብቅ ቦታ የለውም አይደል?»

«ይቺ መኪና? ፈጽሞ!» አለ ገመቹ፤ ከልቡ ነው።

ፈታሹ በብረት ዘንግ ወለሉን ኳ... ኳ... እያደረገ ወደ ጓዳዬ ተጠጋ። ኳ! አፌ አመለጠኝ።

«ቀስ በል ልጄ! ጠርሙሱ ይሰበራል!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ክዳኑ ተነሳ። አረቄዬ ከወራት በፊት «ጠፋ» በተባለው የገመቹ ካልሲ ተጠቅልላ ብቅ አለች። ገመቹ ካልሲውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማዩን አየ።

«ግዴለም፣ ጠርሙሷን ውሰዷት» አልኩ።

«ጥፋቱ ጠርሙሱ አይደለም እማማ፣ ጉድጓዱ ነው። ድብቅ ቦታ የተሠራለት መኪና ባዶውንም ቢሆን ይያዛል፤ ሕግ ነው።»

ጉድ በሉ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ለካ እኔ ነኝ! ለአንድ ጠርሙስ ብዬ የልጄን ባል መኪና ላስወርስ! በሯ ላይ ተለጥፌ ጮህኩ።

«የጓዳው ባለቤት እኔ ነኝ! መኪናዋን ልቀቁና እኔን ያዙ!»

የኬላው አለቃ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እርስዎን የት አቁመን እንጠብቅዎታለን፣ እማማ?» አለኝ።

ደግነቱ፣ የሽያጭ ውሉን አገላብጦ፣ የክዳኑን ዝገት በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ፣ «ይሄ የቆየ ሥራ ነው፤ የእሱ አይደለም» አለ። ጉድጓዱ እዚያው ጊንጪ፣ ዓይናቸው እያየ በብየዳ እንዲደፈን አዘዘ። እኔም ፊደል ስላልቆጠርኩ ቃሌ ላይ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ።

ብየዳው ሲንጣጣ ገመቹ ቀስ ብሎ ጠጋ አለኝ።

«እማዬ፣ መኪናዋ ትሸተኛለች ብዬ እኮ ሦስቴ መካኒክ ጋ ወስጃታለሁ። የነዳጅ ቱቦ ሁሉ አስቀይሬያለሁ!»

«መካኒኩ ምን አለ?»

«ሲያሸት ሲያሸት ውሎ፣ ‹ነዳጅህን ከየት ነው የምትቀዳው?› አለኝ።»

መሬት ብትከፈትልኝ ገብቼ ክዳኑን ከላዬ እዘጋው ነበር።

«ቢነግሩኝ ኖሮ እጭንልዎት ነበር። አረቄ አልጠጣም አልኩ እንጂ፣ እርስዎን ማኅበር አላደርስም አልኩ?»

ይኸው አሁን አረቄዬ ከፊት ወንበር ቀበቶዋን ታጥቃ ትሄዳለች፤ እኔ ከኋላ። ኬላው ላይ «የተደበቀ ነገር አለ?» ሲባል ገመቹ እየሳቀ ወደ ጠርሙሷ ይጠቁማል።

እኔ ነጠላዬን ሰብሰብ አደርጋለሁ። መቀነቴ ሥር ያለችው ትንሿ ብልቃጥ... ምን ታዩኛላችሁ? ሕጉ የሚለው ስለ መኪና ነው፤ ስለ አሮጊት ያለው ነገር የለም!