ዓይኑን ብቻ የሚጨፍን ሰው

በየቤተሰቡ ተኝቶ የማያውቅ አንድ ሰው አለ። ሶፋው ላይ አንገቱ ተቆልምሞ፣ አፉ ተከፍቶ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ደረቱ ላይ ወድቆ ታገኙታላችሁ። ቻናሉን ስትቀይሩ ግን ዓይኑን ሳይገልጥ «እያየሁት ነው» ይላል። ማንኮራፋቱን ጎረቤት ቢመሰክርበትም አያምንም። ተኛ ከሚባል ሰረቀ ቢባል ይመርጣል።

አንዲት ፋርማሲስት እንዲህ ያለ አጎት ነበራት። የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የጂኦግራፊ መምህር፣ ተማሪዎቻቸው «ጋሼ አልተኛሁም» ያሏቸው። ዝናቸው የተገነባው በአንድ የፈተና ቀን ነው። ክቡርነታቸው ሰሌዳው ሥር አገጫቸውን ከረባታቸው ላይ አሳርፈው ሳለ ከኋላ አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

«መስኮቱ ጋ ያለኸው» አሉ፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ። «መልስላት። እሷም ተሳስታለች።»

ከዚያ ወዲህ በሳቸው ፈተና የኮረጀ የለም። ነቅተው ከሚፈሩት ተኝተው የሚፈሩት ባሰ።

ነገሩ የከፋው ትምህርት ቤቱ ለመምህራኑ ስለ ጭንቀት ሥልጠና ያዘጋጀ ጊዜ ነው። አሠልጣኟ ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን መከተል አስተማረች። አጎት እንደ ተሾመ ሰው ተመለሱ። የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ስም አግኝቷል፦ ተመስጦ። ከምሳ በኋላ ተመስጦ፣ ስብሰባ ላይ ተመስጦ፣ ሠርግ ቤት ሙሽራው ንግግር ሲያደርግ ጥልቅ ተመስጦ።

«ሐሳብ መንገደኛ ነው» ይሉ ጀመር። «ሲያልፍ ታየዋለህ እንጂ ግባ አትለውም።»

«ሐሳቡስ ይለፍ» ትላቸዋለች ታላቅ እህታቸው፣ የፋርማሲስቷ እናት፤ «ለሃጭህን ግን ጥረገው።»

እሷ በክርክር ተረትታ አታውቅም፤ እሳቸውም ተኝተው አያውቁም። በዚህ ተቻችለው ኖሩ።

አንድ ቀን ጠዋት እሷ ወጥ ቤት ወድቃ ተገኘች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ትተነፍሳለች፤ ዓይኗን ግን አትገልጥም። ሐኪሙ ወጣትና ሐቀኛ ነበር። «ትሰማ እንደሆነ አላውቅም» አለ። «የምትሰማ ግን አይመስለኝም።»

ዘመድ የሆስፒታል አልጋዋን ከቦ እንደ ዕቃ ያወራባት ጀመር። አንዷ «ድሮም ጨው ታበዛ ነበር» ስትል፣ ጥግ ላይ ተመስጦ የያዙት አጎት ከወንበራቸው ተነሡ።

«ስለተጨፈነ ዓይን እዚህ ክፍል ከኔ በላይ የሚያውቅ አለ?»

ማን ይኖራል።

«እንግዲያው ስሙኝ። የገባ ሁሉ ስሙን ይናገር፤ ካላየች በምን ታውቀዋለች? ማንሾካሾክ የለም፤ ሰው የምናማ ያስመስላል። ወሬ ደግሞ ከመሃል አይጀመርም።»

የፋርማሲስቷ ባል፣ በር የሚሞላ ግዙፍ ኮንትራክተር፣ አልጋው እግርጌ ቆሞ ላበው። «እ... እኔ ነኝ...»

«እኔ የሚባል ሰው የለም። ስም።»

ሳምንት ሳይሞላ ነርሷም መርፌዋን ይዛ ስትመጣ «እኔ ነርሷ ነኝ፤ ትንሽ ይቆነጥጣል» ማለት ለመደች።

አጎት ከክፍል ሲወጡ የጠመኔ ብናኛቸውን ሳያራግፉ ይመጣሉ። ጋዜጣ ያነቡላታል። «ዝናብ ይጥላል ይላል» ይሉና ለመልሷ ፋታ ይሰጣሉ። ከዚያ ፊታቸው ይጠቁራል። «እሺ፣ አንቺ ካልሽ አይጥልም።»

ዝም ያለችው ፋርማሲስቷ ብቻ ነበረች። የመድኃኒቱን ስም ታነባለች፣ የግሉኮሱን ጠብታ ታስተካክላለች፣ የእናቷን ፀጉር ታበጥራለች። አትናገርም።

«አንቺስ?» አሏት አንድ ከሰዓት፣ ዘመድ ሁሉ ሲወጣ።

«ምን ልበላት ጋሼ? ባትሰማኝስ?»

«ብትሰማሽስ?»

«ካናገርኳትና ካልመለሰችልኝ የለችም ማለት ነው። ዝም ካልኩ ግን ተኝታለች እላለሁ።»

አጎት መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉን እሰማለሁ የምለው፣ ግማሹ ውሸት ነው» አሉ። «ቃሉን አልሰማውም። ግን እናንተ ስትንጫጩ፣ ሳህን ሲንኳኳ፣ እሷ ስትሰድበኝ፣ ቤቴ እንዳለሁ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ደስ ብሎኝ የምተ...»

ቃሉን ዋጡት።

«የምመሰጠው» አሉ።

ፋርማሲስቷ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች። «እማ፣ እኔ ነኝ፤ ልጅሽ» አለች። ከዚያ የሳል ሽሮፕ ጣዕሙ ስለጣመው ጠርሙሱን ጨርሶ፣ «ሳሌ ተመልሶብኛል፣ ሌላ ስጡኝ» ብሎ ስለመጣ ሽማግሌ ከመጀመሪያው ጀምራ አወራቻት። እናቷ አልመለሰችም። ልጅቷ ግን እንደፈራችው «የለችም» አላለችም፤ ቀጥላ ስለ አለቃዋ አወራች። ከኋላዋ ማንኮራፋት ሲሰማ ዞራ ኮቷን አለበሰቻቸው።

እናት ነቃች። መጀመሪያ ዓይኗ ተገለጠ፣ ሰንብቶ ቃል መጣ። ግራ እጇ አልታዘዝ እንዳላት ነው።

«እማ፣ ስናወራልሽ ትሰሚ ነበር?» አለች ልጅቷ።

«ምኑን?»

«ጋሼኮ አንድ ቀን አልቀሩም። ጋዜጣ ያነቡልሽ ነበር፣ ይከራከሩሽ ነበር።»

«ምንም» አለች እናት። «ሕልም እንኳ አላየሁም። መብራት እንደጠፋበት ቤት ነው።»

ይህን ብላ እንዳበቃች አጎት በሩ ላይ ደረሱ። ጋዜጣው ብብታቸው ሥር ነው። ሊከራከሩ የመጡ አይመስሉም ነበር። ፈተና ላይ ያፈጠጠ ተማሪ መስለው ቆሙ።

«እትዬ» አሉ። «ሰምተሽኛል?»

እናት ወንድሟን ከከረባቱ እስከ ጫማው አየችው።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየገፋች። «ወሬ አያልቅብህም? ጆሮዬን እኮ ነቀልከው።»

«አላልኩሽም?» አሉ አጎት ወደ ልጅቷ። ወደ መስኮቱ ዞረው መነጽራቸውን ይወለውሉ ጀመር፤ መወልወሉ አላልቅ አላቸው።

ፋርማሲስቷ ልትናገር አፏን ከፈተች። እናቷ በደህናው እጇ ክንዷን አጥብቃ ያዘቻት።