ሰንበት የማያውቅ ማራገቢያ

ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት እንደሚችል እስኪ ንገሩኝ። እኔ አልችልም። አውቶቡስ ስጠብቅ እቆማለሁ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር ሳገኝም እቆማለሁ። ባለቤቴ ይታይሽ፣ እናትህ ስትወልድህም ቆመህ ነው የወጣኸው ትለኛለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ያለ ሰው መዓሼና መግዛት አልነበረበትም። እዚህ አገር በዕብራይስጥ መዓሼና የሚሉት ሥጋ በከሰል ጭስና ሙቀት ቀስ ብሎ የሚበስልበትን የብረት በርሜል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለሱ የተተረተ ይመስላል። አንድ ፍርምባ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ ያንተ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባለውን አልፈጠረብኝም። ክዳኑን እከፍታለሁ። ስከፍት ሙቀቱ ይዛባል፣ ሲዛባ እጨነቃለሁ፣ ስጨነቅ እከፍታለሁ። የመጀመሪያው ፍርምባዬ ከላይ ከሰል፣ ከውስጥ ጥሬ ሆኖ ወጣ። ይታይሽ የሰፈሩን ድመቶች ጠራች።

መቼም እንጀራዬ ምድጃ መጠበቅ ነው። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ቴክኒሻን ነኝ። እዚያ ማንም ክዳን አይከፍትም። ሙቀቱ ሲወርድ ማራገቢያው በራሱ ይነሳል፤ ሲበዛ የአየር መግቢያው በራሱ ይዘጋል። ለፋብሪካ የሆነ ለኔ ምን ያንሰዋል? ከአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ ነቅዬ ከበርሜሉ ሥር ገጠምኩ። ለአየር መግቢያው የቆርቆሮ መዝጊያ ሠራሁለትና የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ጨመርኩ። ሙቀት መለኪያ፣ ባትሪ፣ ሽቦ። ሠራላችሁ። ክዳን መክፈት ተውኩ። በምትኩ ሙቀቱን ስልኬ ላይ እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ።

ይኼን ሁሉ የማወራው በልጄ በዮኒ ምክንያት ነው። ዮኒ ወታደር ነው። ከኛ ሰፈር ብዙ ከማይርቀው ከካርሜ ጋት፣ ኦሪት የምትባል ልጅ ወዷል። እሷም ወዳዋለች፤ ግን አባቴን አሳዝኜ አላገባም ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። አባቷ አባ ታደለ ደግሞ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ቤተሰቡን ልይ አሉና የሰንበት ዕለት ለምሳ ሊመጡ ሆነ፤ በሰንበት መኪና ስለማይሳፈሩ በእግራቸው። እሳቸው ካልወደዱን ነገሩ አለቀ። ይታይሽ እጄን ይዛ፣ ለአንዲት ቀን እንደ ሰው ተቀመጥ ብላ ለመነችኝ።

እኔ ግን ፍርምባ ላበላቸው አሰብኩ። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሰሉን አቀጣጥዬ፣ ማሽኑን ከፍቼ፣ ስልኬን አጠፋሁ። በሰንበት እሳት የሚነካው ማሽኑ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። የምኩራባችንን ረቢ ለምን አልጠየቅህም ትሉኝ ይሆናል። ከጠየቅኩት አይሆንም ሊለኝ ነዋ።

በማግስቱ አባ ታደለ መጡና ለምሳ ተቀመጥን። ማለቴ እነሱ ተቀመጡ። መዓሼናው ከሳሎኑ መስኮት ውጭ ነው። ማራገቢያው እዝዝ ይልና ዝም ይላል። እዝዝ ሲል ሙቀቱ ወረደ ብዬ እነሳለሁ፤ ዝም ሲል ባትሪው አለቀ ብዬ እነሳለሁ። ዮኒ ደግሞ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። የወደፊት አማቱ ፊት። በእግሬ ነካ አደረግሁትና ተነስ አልኩት በሹክሹክታ። «ሻባት ነው» ብሎኝ፣ በዕብራይስጡ ሰንበት ማለቱ ነው፣ ዞሮ ተኛ።

አባ ታደለ ዘር መጠየቅ ጀመሩ። በኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና የሌለው ነው የሚጋባው። አባቴን ጠራሁ፣ አያቴን ጠራሁ፣ ቅድመ አያቴ ላይ ስደርስ እዝዝ አለ። ስሙ ጠፋኝ። መስኮቱ ጋ ደርሼ ተመለስኩና አያቴን ደግሜ ጠራሁ። ይታይሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይኼ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?» አሉ አባ ታደለ።

መዋሸት አማረኝ። ግን ቀኑ ሰንበት ነው፤ ሁሉንም አወጣሁት። ፊታቸው ጠቆረ። በተወለድንበት አገር ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ እሳት ይጠፋል፣ በሰንበት የሚበላው ቀዝቃዛ ነው አሉ። እኔ ምንም አልነካሁም፣ የሚሠራው ማሽኑ ነው ብዬ ተከራከርኩ።

«ማሽኑስ ይሥራ» አሉኝ። «እሱ ብረት ነው፤ ሰንበትን አክብር አልተባለም። አንተ ግን ልጄ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ስትነድ ነው ያየሁህ።»

እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የልጄን ትዳር በገዛ እጄ አቃጠልኩት አልኩ በልቤ። ወሬውን ለማስቀየር ጣቴን ወደ ሶፋው ቀሰርኩ። «ይቅርታ ያድርጉልን አባ ታደለ። እሳት አመድ ወለደ ማለት ይኼ ነው። አሁን እቀሰቅሰዋለሁ።»

«እንዳትነካው» አሉ።

ዮኒን ትክ ብለው አዩት። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል።

«እሳት አልነካ፣ ስልክ አልነካ፣ ሰው አላማ። እዚህ ቤት ሰንበትን ያከበረው እሱ ብቻ ነው። ለመሆኑ በሰንበት ምድጃ ላይ መገኘት ያለበት አመድ አይደለም እንዴ?»

ፍርምባውን አልቀመሱም። የይታይሽን ዳቦ በልተው መረቁን፤ የቀሩትን አያቶቼንም ከይታይሽ ሰምተው ቆጠሩ። እሷ የኔን ዘር ከኔ በላይ ታውቃለች። ከበሩ ሲወጡ፣ ሰንበት ሲያልፍ ሽማግሌ ላኩ ብለው ሄዱ።

ፍርምባውን ማታ በላነው። ዳር ዳሩ ትንሽ ደርቋል፤ መሀሉ ግን ማንም ስላልነካው ግሩም ነበር።

ይኼን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተነስ፣ ንቃ፣ እንደ አባትህ ሁን ስለው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ሰምቶኝ ቢሆን ኖሮ ላጤ ሆኖ ይቀር ነበር።